የተቀቀለው ቤት

ሃና ልብስ አጣቢዋን ውበቴን ያሰናበተቻት ውጭ በር ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ እንኳ አላስገባቻትም። እናቷ አየሁሽ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የልጅ ልጇ የመክሊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የዓርቡን ዳዊት ከፍታ ነበር። "በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር የተገዛ ዕቃ ነው" ትላለች ሃና፤ "ነጩን ልብስ ስትቀቅይ አብረሽ ከተሽዋል። እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። ግን አውጥተሽ መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ?" ውበቴ የመለሰችው አልተሰማም፤ ድምጿ ድሮም ዝቅ ያለ ነው። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ላይ ባልዲ ትሞላ የነበረችው የቤቱ ባለቤት ፈንታነሽ ውኃውን ዘጋችው፤ ባልዲው ስለሞላ አልነበረም። "የእስከ ዛሬውን ይኸው። ከዚህ በኋላ አትምጪ" አለች ሃና። ከዚያ የቆርቆሮው በር ተዘጋ፣ ነጠላ ጫማ ድንጋዩን እየመታ ቁልቁል ወረደ፣ ቧንቧውም እንደገና ተከፈተ።

አየሁሽ ቀና አላለችም። ጣቷ አንድ መስመር ላይ እንዳረፈ ቀረ። ዕቃውን የቀቀለችው ውበቴ አይደለችም። አየሁሽ ናት።

ዕቃው ብሎኬት የሚሉት የመክሊት መጫወቻ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ትንሹ ጥፍር ያህላል፣ ትልቁ ጣት ያህላል፤ በላያቸው ጉጥ ጉጥ አላቸው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይይዛል። አባቷ ወንደሰን ለጥምቀት ከባሕር ዳር ያመጣላት ነው። ወንደሰን የጥኖራ በምትባል ከተማ በግብርና ባለሙያነት ተመድቦ፣ መንገድ ሰላም ሲሆን በሁለት ሳምንት አንዴ ሞጣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር አባትና ልጅ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ከዚሁ ብሎኬት ቤት ይሠራሉ፤ መጥቶ በሄደ ቁጥር ቤቱ አንድ ክፍል ይጨመርለታል። በቅበላ እሑድ ሦስት ክፍልና አንድ ደረጃ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ማታ መክሊት ለአሻንጉሊቷ እራት አቀረብኩ ብላ ወተቷን በመካከለኛው ክፍል ገለበጠችው።

ሰኞ የጾሙ መጀመሪያ ነበር። አየሁሽ ቢቸና ላይ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ እሷም ልጆቿን እንዳሳደገችበት፣ የፍስኩን ዕቃ ሁሉ በአመድ አሽታ በፈላ ውኃ አጥባ ሰቀለች። ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ የቅቤውን ቅል፣ ማንኪያውን አንድ ባንድ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከአልጋው ሥር ያ የቅባት ሽታ፣ የኮመጠጠ ወተት ሽታ መጣባት። ቤቱን አወጣችው። ልትለያየው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ወተቱ በየስንጥቁ ገብቶ ነጭ መስመር ሠርቷል። አርባ አምስት ሰው የሚያበላ ድስት አጥባ የሰቀለች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አልጋዋ ሥር አስቀምጣ እንዴት ትጾማለች? እንዳለ ትልቁ ድስት ውስጥ ከተተችው፣ እፍኝ አመድ ጨመረችበት፣ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣደችና የስድስት ሰዓቱን ጸሎት ቆመች። ስግደቱ አርባ አንድ ነው። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከእያንዳንዱ በኋላ አልጋውን ይዛ ነው የምትነሣው። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ቃጠሎ ሸተታት። "ስግደት አይቋረጥም" ብላ አርባ አንዱን ጨረሰችው። ድስቱን ስትከፍት ውኃው አልቋል፣ ቤቱ ከታች በኩል ተንጋዷል፣ ግድግዳው እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

ወዲያው መናገር ትችል ነበር። ነገር ግን ያለፈው ፍልሰታ ነገር አለ። መክሊት ደሟ አነስተኛ ነው፤ ሃና ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራ ስለሆነች የልጇን ደም የመረመረችው ራሷ ናት። ወተትና እንቁላል ሳይቋረጥ ይሰጣት ተባለ። አየሁሽ ፍልሰታ ሲገባ "የአምስት ዓመት ልጅ አሥራ አምስት ቀን ብትጾም ምን ትሆናለች" ብላ ወተቱን በየቀኑ ለጎረቤት ድመት እያፈሰሰች ለልጅቷ አብሽ ስታጠጣት ከረመች። ሃና በአሥረኛው ቀን ደረሰችበት። አልጮኸችም። ሻንጣ አወጣች፣ መናኸሪያ ድረስ ተሸክማላት ሄደች፣ የቢቸናን ትኬት ቆረጠችላት። ከዚያ አምስት ወር ያህል አልደወለችም። በጥር መንገዱ ተከፍቶ ሲውል "ነይ፤ ነገር ግን የልጅቷን ምግብ እንዳትነኪ" ብላ ጠራቻት። አየሁሽም ቃሏን ሰጥታ መጣች። የነፍስ አባቷም ቢሆኑ "ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግዴታ የለበትም፣ ምን አስጨነቀሽ?" ብለዋታል። ቃሏንም ጠብቃለች፤ ዘንድሮ ወተቱን የምታሞቀው፣ የምትቀዳው እሷ ራሷ ናት። ግን ስለ ወተት ብላ ድስት መጣዷ ከተሰማ ሃና ምን እንደምትል ታውቃለች። ስለዚህ የተንጋደደውን ቤት ቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ታች ከነጩ አንሶላ ሥር አስገባችው። ረቡዕ ውበቴ ልታጥብ መጥታ አገኘችውና መስኮት ላይ አኖረችው። ሐሙስ ማታ ሃና አየችው።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?" ብላ ስትጠይቅ አየሁሽ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነበር፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይናገርም ብላ ቀጠለች። ጸሎቱ ካለቀም በኋላ አልተናገረችም።

ሃና ከበር ተመልሳ ገባች። የክሊኒኩን ነጭ ጋወን እያጠፈች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ሰምተሻል አይደል እማዬ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ዕቃው አይደለም እኮ። ዝም ማለቷ ነው ያናደደኝ።"

አየሁሽ ዳዊቱን ዘጋችው። ሃና የመክሊትን ጫማ አሰረች፣ የምሳ ዕቃዋን አንጠለጠለች፣ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ኪራዩ ከመስከረም ጀምሮ አራት ሺህ አምስት መቶ ገብቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀርበት ግን ሰፊ አዳራሽ ይመስላል። አየሁሽ መስኮቱ ላይ ያለውን ነገር አየችው። ሐሳቧ ይኼ ነበር፦ ብለያየውና ደህናው ደህና ሆኖ ቢገኝ፣ ሃና ማታ ስትመጣ "ይኸው፣ ምንም አልሆነም፣ ሴትዮዋን ጥሪያት" እላታለሁ። ማን እንደቀቀለው ማንም አይጠይቅም። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ነጠላዋን አንጥፋ ቤቱን መሐል ላይ አስቀመጠችው። የላይኛው ጣሪያ በቀላሉ ተነሣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጥፍሯን አስገባች፣ ጥፍሯ ተገለበጠ። በቀሩት ጥርሶቿ ነከሰችው፣ ፕላስቲኩ ላይ የጥርስ ምልክት ከመቅረቱ በቀር ምንም አልሆነም። የሽንኩርት ቢላዋ አመጣች፤ ቢላዋው ስንጥቁን ስቶ ግራ አውራ ጣቷን ሸረከታት። ደሙን ጠረገች፣ ጣቷን በጨርቅ አሰረች፣ እንደገና ያዘችው። ወደ ላይ ትስበዋለች፣ አይመጣም፤ ወደ ታች ትጫነዋለች፣ ይብስ ይጠብቃል። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከሁሉ የባሱ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ተለጥፈው እንደ አንድ ሆነዋል፣ ጣት የሚይዝበት ጫፍ የላቸውም። አራት ሰዓት ሲሆን በጭኗ ላይ የወረደው አሥራ አንድ ፍሬ ነበር። የቀረው መቶ ሃምሳ ይሆናል። ሁሉንም በፌስታል አድርጋ ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች።

ያለው የሚባለው ልጅ አስፓልቱ ዳር ስልክ ይጠግናል። ሱቁ በሩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ሙሉ የስልክ ሽፋን። ከዚህ በፊት የአየሁሽን ስልክ ድምፅ አጉልቶላታል። አንዲት ሴት ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ የተሰነጠቀ መስታወት ሦስት ሺህ አምስት መቶ መባሉን እየተከራከረች ነበር። ልጁ ለሴትዮዋ መልስ ሳይሰጥ ፌስታሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አየ።

"ይኼ ምንድን ነው እማማ? የተከፋ ቤት ነው እኮ።"

"የልጅቷ ነው። ለያይልኝ ልጄ።"

ልጁ ሳቀ። ካቻቢቴ ያነሣል ብላ ስትጠብቅ ባዶ እጁን ነው የሠራው። "እርስዎ ወደ ላይ እየሳቡ ነው የታገሉት፣ ከጣትዎ ያስታውቃል። ሲስቡት ይጠብቃል። በጎን ነው።" ከተላቀቁት መካከል ረጅሙን ቀይ አንሥቶ እምቢ ባለው ቢጫ ራስ ላይ ገጠመው፤ የቀዩ ግማሽ ወደ ውጭ ተርፎ ቀረ። የተረፈውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ቁልቁል ሲጫነው ቢጫው ከሥሩ ተፈንቅሎ ተነሣ፤ ድንጋይ በመፈንቀያ እንደሚነሣ። "አዩ? መያዣ ካጣ መያዣ ይስጡት።" ቀጫጭኖቹን ሲያገኝ ደግሞ አንድ ረጅም ከላይ፣ አንድ ረጅም ከታች ገጥሞ እንደ መቀስ ወዲያና ወዲህ አደረጋቸው፤ ጠቅ አሉና ተለያዩ። አየሁሽም አጠገቡ ቆማ ጀመረች። መጀመሪያ ከበዳት፣ ከዚያ እጇ ለመደ። ሴትዮዋ ሳይቀር መስታወቷን ትታ ሁለቱን ፈንቅላ "እንዴ፣ ደስ ይላል" አለች። በጣም የጠበቁትን ልጁ ከጎረቤት ሱቅ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀመጣቸው፤ ብርድ ሲነካው ፕላስቲክ ይሰበሰባል አለ። እውነትም ግማሾቹ በርደው ሲመጡ ለቀቁ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሰባት ፍሬ ቀሩ። የቤቱ መሠረትና የመጀመሪያው ረድፍ ናቸው፤ ድስቱን የነኩት። ልጁ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጣቸው። "እነዚህ አይለቁም። ተያይዘው አይደለም እማማ፣ ቀልጠው አንድ ሆነዋል። ማነው የቀቀላቸው?"

"ሠራተኛዋ" አለች አየሁሽ።

ሳታስበው ነው የወጣው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዝም ብላ ነበር እንጂ ውሸት አልተናገረችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ ስትነግረው ያደረችውም ይኼንኑ ነው። አሁን በጾም፣ በዓርብ፣ ውኃ እንኳ ባልነካው አፏ ተናገረችው።

"የሃና ቤት? ውበቴ?" ልጁ ቅንድቡን አነሣ። "የኔንም እኮ የምታጥበው እሷ ናት። ትናንት ነው ጃኬቴን የሰጠኋት።" ስልኩን አየት አድርጎ አስቀመጠው። አየሁሽ ስንት እንደሆነ ስትጠይቀው "ለልጅ ነው፣ ምንም የለውም፤ ጣትዎን አልኮል ያስነኩት" አላት። ፌስታሉን ይዛ ስትወጣ እንደ መጣችበት ጊዜ አልቀለላትም።

መክሊትን ከመዋእለ ሕፃናት ስድስት ተኩል ላይ ተቀበለቻት። ቤት ገብተው ወተቷን አሞቀችላት፣ እንቁላሏን ቀቀለችላት፣ ጠጥታና በልታ እስክትጨርስ ጠበቀች። መክሊት አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ፌስታሉን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው።

"ቤቴን አፈረስሽው እንዴ አያቴ?"

"ከአባትሽ ጋር እንደገና ትሠሩታላችሁ።"

"እነዚህስ?" ሰባቱን አነሣች።

"እነሱ አይላቀቁም።"

መክሊት በሁለት እጇ ያዘቻቸው፣ ታገለች፣ ተወቻቸው። "ውበቴ ናት የቀቀለችው። እማዬ ማታ ለአባዬ በስልክ ነገረችው። አባዬ ዓይኗን ምን ጋረዳት አለ።"

ነገሩ ስንት ቦታ ደረሰ ብላ አየሁሽ በልቧ ቆጠረች፦ ቧንቧው ጋ፣ ሱቁ ጋ፣ የጥኖራ። የምትበላበት ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነው፤ ሽሮው ምድጃው ላይ ተጥዷል። አወረደችው። "ጫማሽን አድርጊ" አለቻት ልጅቷን።

የውበቴ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ በግቢው ካሉት ስምንት ክፍሎች አንዱ፤ የአፈር ወለሉ ላይ ሸራ ተነጥፎበታል። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተዘርግቶበት የሰው ልብስ ተሰጥቷል። አየሁሽ ቆማ አየችው። በእያንዳንዱ ልብስ ጠርዝ ላይ ትንሽ ክር ተቋጥሯል፤ የአንዱ ቤት ቀይ፣ የሌላው አረንጓዴ፣ የሌላው ጥቁር። የማንም ካልሲ ከማንም ጋር እንዳይቀላቀል ነው። የሃና ቤት ክር ሰማያዊ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው፤ ስንት ጊዜ አንሶላው ጫፍ ላይ አይታው የተተረተረ መስሏት በጥሳ ጥላዋለች። ውበቴ ገመዱ ሥር ዝቅ ብላ ወጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ እጆቿ ግን የሰባ ዓመት ሰው እጅ ናቸው። ስታያቸው አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ መክሊትን ሳመቻት፣ በርጩማ ለአየሁሽ አወጣች።

"ውበቴ" አለች መክሊት፤ "ቤቴን ለምን ቀቀልሽው?"

ውበቴ ልጅቷን አየቻት፣ ከዚያ ከልጅቷ ራስ በላይ አየሁሽን አየቻት። መልስ አልሰጠችም። እጇን በቀሚሷ አበሰችና ቆመች።

"እሷ አይደለችም" አለች አየሁሽ። "እኔ ነኝ የቀቀልኩት።"

"አንቺ? ለምን?"

"ወተት ነክቶት ነበር።"

መክሊት ጥቂት አሰበች። "ወተት እኮ በውኃ ይለቃል" አለችና ወደ ገመዱ ሄዳ ክሮቹን መቁጠር ጀመረች።

አየሁሽ በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። ውበቴ ናት ቀድማ የተናገረችው። "አውቃለሁ እማማ። ረቡዕ ድስቱን ያሸሁት እኔ ነኝ። ከታቹ ቢጫ ተጣብቆበት ነበር፤ በጥፍሬ ነው የፋቅኩት።"

"አውቀሽ ነው? ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገርሽም?"

"ምን ብዬ? እናትሽ ናት ብዬ? ልጅ ከእናቷና ከአጣቢዋ ማንን ታምናለች?" ድምጿ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። "ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። መጋረጃው ጀርባ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እግርዎ ይታየኝ ነበር። ልጅዎ ስትናገር እግርዎን እያየሁ ጠበቅኩ።"

አየሁሽ ጎንበስ ብላ የውበቴን ጉልበት ልትይዝ ስትል ውበቴ ክንዷን ይዛ ቀና አደረገቻት፤ ትልቅ ሴት ስታጎነብስ ማየት አልፈለገችም።

"ይቅር ብያለሁ። ጾም ነው፣ ቂም አልይዝም። ግን እማማ፣ እኔ ልብስ አጥቤ ነው የምበላው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ቧንቧው ጋ ሰምታለች፤ እሷ የሰማችውን የማይሰማ የለም። ቅድም ደግሞ ያ ስልክ ጠጋኙ ልጅ ደውሎ ጃኬቴን እንዳትነኪው፣ መጥቼ እወስዳለሁ አለኝ። እሱ ከየት እንደሰማ እንጃ።"

"ከእኔ ነው የሰማው" አለች አየሁሽ።

ያን ጊዜ ነው የውበቴ ፊት የተለወጠው። ዝም መባሉን ችላው ነበር።  ከዚያ "እንግዲያውስ ይቅርታውን ለእኔ አይንገሩኝ፤ እኔማ ድሮውንም እውነቱን አውቀዋለሁ። በር ላይ ነው የተነገረኝ፣ በር ላይ ይነገርልኝ" አለችና ወደ ገመዷ ተመለሰች።

ሲመለሱ መጀመሪያ ሱቁ ጋ ቆሙ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አየሁሽ እስኪሄዱ አልጠበቀችም። "ያለው፣ ጠዋት የነገርኩህ ውሸት ነው። የቀቀልኩት እኔ ነኝ፣ ውበቴ የለችበትም። ጃኬትህን እሷው ትጠብልህ።" ሰዎቹ ዞር ብለው አዩአት። ልጁ አፈረ፤ የሚያፍረው እሱ ይመስል። "ኧረ እማማ፣ ምን ቸገረኝ፣ ጃኬት እኮ ነው" አለ። "ደውልላት" አለችው። እስኪደውል ቆመች። ደውሎ ሲጨርስ አመስግናው የልጅቷን እጅ ይዛ ሄደች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሃና ከክሊኒክ ስትመለስ እናቷን ውጭ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ነጠላዋን አደግድጋለች። ፈንታነሽ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር፤ አየሁሽ ቀደም ብላ "ትንሽ የምናገረው ስላለኝ እንዳትገቢ" ብላታለችና ምስሩ ከተለቀመ ቆይቶም አልገባችም።

"ምን ሆነሽ ነው? መክሊት ምን ሆነች?" አለች ሃና።

"መክሊት ደህና ናት። ፈንታነሽም ትስማኝ። የልጅቷን ብሎኬት የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ቀቅዬ፣ ቅርጫት ውስጥ ደብቄ፣ ትናንት ስትጠይቂ ዝም አልኩ። ዛሬ ውበቴን ስታባርሪ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ ለሰው እሷ ናት ብዬ ተናገርኩ። እሷ የለችበትም፤ ምንም አላጠፋችም።"

ሃና እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። "እማዬ፣ እቤት ገብተን…"

"አይሆንም። ጠዋት እዚህ ነው የተነገረው።"

ፈንታነሽ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "እኔ እንኳ ሰኞ የሸተተኝ ጎማ የተቃጠለ መስሎኝ ከመንገድ ነው ብዬ ነበር" አለች። ቀጥላም "እኔም አንድ ዓመት ለጾም ብዬ የልጄን ጡጦ ቀቅዬ እንደ ቲማቲም አቅልጬዋለሁ። ግን ሰው አላሳበብኩም" አለች። የመጨረሻውን ያለችው ዝቅ አድርጋ ነው፤ አየሁሽ ግን ሰማችው፣ እንድትሰማው ነበርና።

"ለምን ቀቀልሽው?" አለች ሃና።

"ወተት ነክቶት ነበር።"

ሃና ፊቷ ጠቆረ። አየሁሽ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ሻንጣውን ያወጣችበት ፊት ነው። "ወተቱን አልከለከልኳትም" አለች። "ምግቧን አልነካሁም። ሰኞም ጠጥታለች፣ ዛሬም ጠጥታለች፤ የምትለኪው ደም ነው፣ ለክተሽ እዪ። እኔ ያጠብኩት ዕቃውን ነው።"

ሃና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ለእናቷ ሰጠቻት፣ ዞረችና ወደ መጣችበት መንገድ ወረደች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም፤ አያስፈልግም ነበር። ፈንታነሽም ምስሯን ይዛ ገባች። ከዚያ ቤት ማታ ማታ የምትሰማ ሬዲዮ አለች፤ ያን ቀን እስከ ሁለት ሰዓት አልተከፈተችም።

አየሁሽ ውስጥ ገብታ መክሊትን አጥባ አስተኛች። ሽሮው ቀዝቅዟል፤ ለሁለት ሰው በሳሕን አድርጋ ከደነችው፣ እሷ ግን አልቀመሰችም። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ ራሷ አወረደችው። ሰው ከሚያወርድባት እሷ ብታወርደው ይሻላል ብላ ነው። ሁለቱን ቀሚሶቿን፣ ዳዊቷን፣ የጉልበቷን ቅባት አስገባች፤ ዚፑን ግን አልዘጋችውም።

ሃና አንድ ሰዓት ሲያልፍ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ሻንጣውን አየችው፣ አለፈችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አልመጣም አለች።"

"ምን አለችሽ?"

"ይቅር ብያለሁ አለች። ሻይ አቀረበችልኝ። አልመጣም አለች።" ሃና እጇን አየች። "ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቤት ይዛለች። ሌላ ቤት ባትይዝም የምትመጣ አይመስለኝም። ጠዋት በር ላይ ያልኳትን አንድም ሳታስቀር መልሳ ነገረችኝ። ጮክ አላለችም። እንደ ደብዳቤ ነው ያነበበችልኝ።"

 መጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ተገላበጠች። አየሁሽ የልጇን ፊት ማየት ፈርታ ሽሮውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። ሃና ክዳኑን አንሥታ አየት አድርጋ መልሳ ከደነችው።

"አንቺስ በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

"ከጠዋት ጀምሮ።"

ሃና ተነሥታ ሳሕኑን ወስዳ አሞቀችው። ተመልሳ መሐል ላይ አስቀመጠችው። ከአንድ ሳሕን በሉ፤ ሃና ጥቂት ጎረሰች፣ አየሁሽ ደግሞ ርቧት ስለነበር አፍራም ቢሆን በላች። ሲጨርሱ ሃና "ልብሱ ግን ሰኞ ይከማቻል" አለች፤ ለእናቷ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

"እኔ አጥበዋለሁ።"

"በዚህ ጉልበትሽ?"

"ቁጭ ብዬ አጥባለሁ። በአንድ ቀን ባይሆን በሁለት ቀን። ውበቴ ስትመጣባቸው በነበሩት ቀኖች። ሰው እስክታገኚ ብዬ አይደለም፤ አንቺ ተይ እስክትዪኝ ነው።"

ሃና እናቷን አየቻት። ምንም ለስላሳ ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ሻንጣውን ያወጣችበት ፊትም ግን አልነበረም። ተነሥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፣ የመክሊትን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ከወንበሩ ላይ አነሣች፣ አምጥታ በእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ኪሱ ተቀዷል" አለች። "ከመታጠቡ በፊት ይሰፋ።"

አየሁሽ ሸሚዙን ገልብጣ ቀዳዳውን በጣቷ ፈለገችው። ከዚያ መርፌው የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች።